ጨርቅ የለበሱ ተዋጊዎች

አንድ የጉለሌ አዲሱ ገበያ ሰው ቅዳሜ ማታ ኳስ ማሳያ ቤት ገብቶ፣ ስሙን በሕልማቸው እንኳ ሰምተውት ለማያውቁ የእንግሊዝ አገር ተጫዋቾች ጉሮሮው እስኪዘጋ ቢጮህ ጤነኛ ነው። አሠልጣኙን ሲራገም ቢያመሽ፣ ቡድኑ ተሸንፎ እራቱን ትቶ ቢተኛ፣ ሚስቱ «ተሸነፉበት መሰለኝ» ብላ ታዝንለታለች እንጂ አእምሮውን አትጠረጥርም። ይኸው ሰው ግን ስልኩን አጋድሞ፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ የፒ-47 ታንደርቦልት ሞተር እንዴት እንደሚነሣ የሚያስረዳ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ፊልም ሲመለከት ቢገኝ ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ጠበል ያስባል። ሌላው ዘመቻ የታወጀ መስሎት ይደነግጣል። አዛኝ የሆነው ደግሞ «ሥራ ፈትቶ እኮ ነው» ብሎ ይደመድማል። እኔ የቆምኩት ለዚህ ሰው ጥብቅና ነው። ነገሬም አጭር ነው፦ ለአሮጌ ተዋጊ አውሮፕላን መንሰፍሰፍ ለጉለሌ ሰው የተውሶ ፍቅር አይደለም፤ ከዚህም ፍቅር ውስጥ ተመርጦ የሚያዘው የሰማይ ላይ ግብግቡ ሳይሆን ያ አሰልቺ የሚመስለው የማሠልጠኛ ፊልም ነው። ማስረጃው ግን ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና የሚያፈላ ያፍላ።

ከሽሮ ሜዳ እንጀምር። ሽሮ ሜዳ ጨርቅ የሚያውቅ የጉለሌ ሰፈር ነው። ጥለቱን ከሩቅ አይተው ዋጋውን የሚገምቱ፣ ድሩ የላላ ነጠላ በጣታቸው ዳብሰው የሚመልሱ ሰዎች አሉበት። ለእነዚህ ሰዎች «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ ማለት ብረት ነው» ብሎ መንገር ነውር ነው፤ አይደለማ! በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከኢትዮጵያ ሲባረር በሰማያችን ላይ ከተናከሱት ተዋጊዎች ብዙዎቹ ጨርቅ የለበሱ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ያበረረው ባለ ድርብ ክንፉ ግሎስተር ግላዲያተር አጥንቱ ብረት፣ ገላው ግን በአብዛኛው ጨርቅ ነበር። በለንደን ሰማይ ስሙን ያስጠራው ሆከር ሃሪኬን እንኳ ከአብራሪው ጀርባ እስከ ጅራቱ ድረስ ያለው አካሉ በብረት ቱቦና በእንጨት ተዋቅሮ የተልባ እግር ጨርቅ የተወጠረበት ነው። የጣሊያኑ ፊያት ሲአር.42ም ጨርቅ አልጠላም። የአሠራሩን ነገር ሽሮ ሜዳ ቢሰማው ደስ ይለዋል፦ ጨርቁ በክንፉ አጥንት ላይ ይወጠራል፤ ረጅም መርፌ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየገባ እየወጣ በየጥቂት ጣቱ ይቋጠራል፤ በስፌቱ ላይ ሌላ ቀጭን ጨርቅ ይለጠፋል፤ ከዚያ ዶፕ የሚሉት፣ ሽታው አናት የሚያዞር ፈሳሽ እየደጋገሙ ይቀቡታል። ዶፑ ሲደርቅ ጨርቁን ይሰበስበውና በጣት ሲመቱት ድምፅ ይሰጣል። ጥይት የበሳው ሃሪኬን ጨርቁ ላይ ከሆነ የተመታው፣ እራፊ ተለጥፎበት፣ ዶፕ ተቀብቶ፣ ወዲያው ወደ ሰማይ ይመለሳል። ሙሉ ለሙሉ ብረት የለበሰው ጓደኛው ግን ለዚያችው ቀዳዳ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይጠብቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የሰፈር ጉዳይ ነው ለማለት ሩቅ አልሄድኩም።

«ጨርቁስ የእነሱ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» ለሚል ጸሐይ አለችለት። ጸሐይ በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ቬበር የሚባል የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ቀኑን ተመልከቱ፤ ጣሊያን መስከረም ላይ መረብን ተሻግሯል፣ ጸሐይ ታኅሣሥ ላይ በረረች። አገር በወራሪ እየተከበበ አውሮፕላን መሥራት ወይ ከፍተኛ ተስፋ ነው፣ ወይ ከፍተኛ እልህ፤ ምናልባት ሁለቱም። ወራሪው ገብቶ ማርኮ ወሰዳትና ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ቆማ ኖረች። በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ያኔ ብዙ ሰው ደስ አለው፤ ደስታውን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን አንድ የሚያስቅ ነገር ነበረው። ከአንድ ሳምንት በፊት «አሮጌ አውሮፕላን ምን ያደርጋል?» ይል የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት የአሮጌ አውሮፕላን ወዳጅ ሆኖ አደረ። እንግዲህ የጉለሌው ወዳጃችን ጥፋቱ ምንድን ነው? ሕዝቡ በጥር 2016 የደረሰበት ቦታ ቀድሞ መድረሱ ብቻ ነው።

ይህ እንግዲህ የአውሮፕላኑ ነገር ነው። የማሠልጠኛ ፊልሙ ነገር ከዚህ ይልቃል፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ አየር ታሪክ ከውጊያ ታሪክነቱ ይልቅ የትምህርት ቤት ታሪክነቱ ይበዛል። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ እጅ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈች። ከአንድ ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የበረራ ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ከወረራው በፊት ሙሉመቤት እምሩም ገብታ በረራ ተማረች፤ ያን ጊዜ በብዙ አገር ሴት ልጅ መኪና ስትነዳ እንኳ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። በ1923 ዓ.ም. መግቢያ ግን ትምህርት ባይኖር ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ሌላ ትርኢትም ታየ። ኒው ዮርክ ላይ «የሃርለም ጥቁር ንስር» የተባለው ሁበርት ጁሊያን ለዘውድ በዓሉ ልምምድ ሲደረግ፣ ማንም ሳይፈቅድለት የንጉሡን አዲስ ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አስነሥቶ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀላት። እሱ ሸር ተሠርቶብኛል አለ። ንጉሡ ከአገር አስወጡት። ሸሩ ይኑር አይኑር እንተወውና፣ አንድ ሸረኛ ግን ያለጥርጥር ቦታው ላይ ነበረ፤ እሱም ከፍታው ነው። አየሩ በሳሳበት ቦታ ሞተርም ክንፍም ይደክማሉ። ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው አሮጌ ላንድሮቨር ለምን እንደሚያቃስት የሚያውቅ የሰፈር ልጅ፣ ታንደርቦልት ከአብራሪው ጀርባ ያን የሚያህል ቱርቦ ለምን እንደተሸከመ ለመረዳት የፊልሙን ግማሽ ማየት አያስፈልገውም። የባሕር ጠረፍ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ያየዋል።

ከጁሊያን በኋላ የመጣው ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ ለክርክሬ ዋና ምስክር ነው። ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ወጣት ሳለ ቱስኪጊ በተባለው የአላባማ የጥቁሮች ተቋም የመኪና ጥገና ተምሮ ወደ ቺካጎ ሄደ፤ እዚያ የአውሮፕላን ትምህርት ቤቱ በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም ሲለው የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባና እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር ይባላል። መጥረጊያ ይዞ ኤሮዳይናሚክስ! በኋላ ተማሪ፣ ቀጥሎም አስተማሪ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ኮሎኔል ተብሎ፣ ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኛዎቹ መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች የነበሩትን አየር ኃይል መራ። የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሥራው መልእክትና መድኃኒት ይዞ ከግንባር ግንባር መመላለስ ነበር፤ ሊያባርሩት የሚመጡት ተዋጊዎች መትረየስ አላቸው፣ እሱ የነበረው ደመና ብቻ ነው። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን በረራ አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተቀበረውም ጉለሌ ነው።

ይህን ሰው ከማሠልጠኛ ፊልሞቹ ጋር የሚያገናኘው ቱስኪጊ ነው። ሮቢንሰን ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት ያስተማረውን ተቋም የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ሲወተውት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ሥራ በጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች በሰፊው ከተወራ በኋላ፣ «ጥቁር ሰው አውሮፕላን አይችልም» ለሚለው ነገር ጥሩ መልስ ተገኘ። ቱስኪጊ በመጨረሻ በረራ ማስተማር ጀመረ፤ በዓለም ጦርነቱም ጅራታቸውን ቀይ የቀቡ ፒ-51 ሙስታንጎችን ያበረሩት የቱስኪጊ ልጆች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ ጦር የፊልም ክፍል ስለ እነሱ አጭር ፊልም ሠራ፤ ተራኪው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነው። የጉለሌው ወዳጃችን ያንን ፊልም ስልኩ ላይ ሲያይ «የባዕድ ነገር ያያል» የሚባለው እንግዲህ የነገሩ መነሻ የሆነው ሰው ከቤቱ በታክሲ በሚደረስበት ቦታ ተኝቶ ሳለ ነው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ ራሳቸው። ለምን ተሠሩ? አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ትናንት ትራክተር ይነዳ የነበረውን ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሺህ የፈረስ ጉልበት አስይዛ መልቀቅ ነበረባት። ውጤቱ ዘግናኝ ነበር፤ ጠላት ሳያዩ፣ ጥይት ሳይተኩሱ፣ በገዛ አገራቸው ሰማይ ላይ በአውሮፕላን አደጋ የሞቱት የጦር አየር ኃይሉ ሰዎች ወደ 15 ሺህ ይጠጋሉ። ስለዚህ ሆሊውድ ተጠራ። ካልቨር ሲቲ የሚገኘው የሃል ሮች ስቱዲዮ፣ የኮሜዲ ፊልም ሲሠራበት የኖረው ግቢ፣ የጦር ሰፈር ሆነና ዳይሬክተሩም ተዋናዩም ወታደራዊ ልብስ ለብሶ የማሠልጠኛ ፊልም ማምረት ጀመረ። የመንግሥት ሥራ ስለሆኑ የባለቤትነት መብት የሚጠይቅባቸው የለም፤ ዛሬ ጉለሌ ድረስ በነጻ የሚደርሱትም ለዚያ ነው። በነጻ ስል የዳታውን ጥቅል ሳልቆጥር ነው፤ እሱ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ደርሶ ጎማው መሬት ሊለቅ ሲል ያልቃል።

ከእነዚህ ፊልሞች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተሠራው፣ «ተማርና ኑር» በሚል ርእስ የቀረበው፣ ለእኛ ሰፈር የተጻፈ ይመስላል። ታሪኩ «የአብራሪዎች ገነት» በተባለ ቦታ የሚካሄድ ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ መዝገብ ይዞ ተቀምጧል፣ መዝገቡም ወደዚያ የመጣው አብራሪ ሁሉ በምን ዓይነት ቸልተኝነት እንደመጣ ይዘረዝራል። አንዱ ነዳጁን ሳያይ ተነሥቶ ነው። ሌላው በዘመዶቹ ቤት ላይ ዝቅ ብሎ ሲበር፣ ለሰላምታ። ሌላው ዓይኑን ከመሣሪያዎቹ ነቅሎ። ጴጥሮስ አይቆጣም፣ አያለቅስም፤ የሰለቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። የእኛው ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ግቢ ውስጥ የተኙትም በምን እንደመጡ እንዲህ አንድ በአንድ ቢነገር ኖሮ ለመንጃ ፈቃድ ተማሪ ሌላ መጽሐፍ ባላስፈለገው።

ሞተር ማስነሣትን የሚያስተምሩት ፊልሞች ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ጭምት ናቸው፤ እኔም በይበልጥ የምወዳቸው እነሱን ነው። የፒ-47ን ውሰዱ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መካኒኮቹ ፕሮፔለሩን በእጃቸው ይዘው ጥቂት ዙር ያዞሩታል። ለምን? ሞተሩ በክብ የተደረደሩ አሥራ ስምንት ሲሊንደሮች አሉት፤ አውሮፕላኑ ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ይወርዳል፤ ያ ዘይት ሳይወጣ ሞተሩ ቢነሣ ዘይት አይጨመቅምና ብረቱ ይሰበራል። ከዚያ አብራሪው ይገባል። ከዚያ ቀደም ብሎ ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ በኮክፒቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ማብሪያና እጀታ በዳበሳ እንዲያገኝ ተፈትኗል፤ ያላለፈ አይበርም። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ የሚያስቀው ነገር ይመጣል። በሰዓት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ይበር ዘንድ የተሠራው ይህ ፍጡር መሬት ላይ ሳለ ፊቱን አያይም። አፍንጫው ረጅምና ሰፊ፣ ጅራቱ መሬት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከፊቱ የቆመ ሰው ይቅርና የቆመ ነዳጅ ቦቴ አይታየውም። ስለዚህ ፊልሙ በእርጋታ ያዘዋል፦ ግራ ታጠፍ፣ በቀኝ በኩል እይ፤ ቀኝ ታጠፍ፣ በግራ በኩል እይ። ጀግናው እንዲህ እየተጠማዘዘ ወደ ማኮብኮቢያው ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይም እንዲሁ እየተጠማዘዙ የሚነዱ አሉ፤ እነሱ ግን ፊታቸው ወለል ብሎ እየታያቸው ነው።

ይህ ጭምትነት ከየት መጣ? እዚህ ላይ አንድ ቀን አለ፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀኑን ሲሰማ ጆሮው ሊቆም ይገባል። ጥቅምት 19 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን መረብን ከተሻገረ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ አሜሪካ ራይት ፊልድ ላይ የቦይንግ አዲሱ ግዙፍ ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሣ። የዘመኑ ምርጥ አውሮፕላን ነበር፤ ያበረሩትም ጀማሪዎች አልነበሩም። ተነሥቶ ጥቂት ሳይቆይ ወደቀ። ሞተሩ አልተበላሸም፣ ክንፉ አልተሰበረም። መሬት ላይ ሳለ ነፋስ እንዳያንገላታው የጅራቱን ክፍሎች የሚቆልፈው መቆለፊያ ሳይከፈት ነበር የተነሣው፤ ረስተውት። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው አብራሪ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ከወረቀት እያነበበ የሚያረጋግጥበት፣ ቼክሊስት የሚባለው ልማድ ሥር የሰደደው። አውሮፕላኑም ዳነ፤ ቢ-17 ሆነ። በእኔ ሚዛን በዚያ ዘመን ከተፈለሰፉት ነገሮች ሁሉ ራዳርም ሆነ ጄት ሞተር ይህን አንድ ገጽ ወረቀት አያክለውም። ሊቅ የሆነ ሰው «እረሳለሁ» ብሎ አምኖ የጻፈው ወረቀት ነውና።

አሁን ተቃዋሚው ይነሣል፤ የመጀመሪያው ተቃውሞም ቀላል አይደለም። «እኛ ከአየር የተደበደብን ሕዝብ ነን። በኅዳር 1928 ደሴ በቦምብ ስትነድ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ ከዚያም የመርዝ ጋዝ በገበሬው፣ በከብቱና በወንዙ ላይ ሲዘንብ በምን ነበር? በአውሮፕላን ነበር። የአያትህን ገዳይ ትወዳለህ?» ይላል። እውነት አለው፤ እኔም የጣሊያኑን ካፕሮኒ ቦምብ ጣይ ውደዱ አልልም፤ ሊወደድ የማይችል አውሮፕላን አለ። ግን ልብ እንበል፤ ያንን ወንጀል በደንብ የሚመሰክረው ማን ነው? «አውሮፕላን መጣብን» የሚለው ነው ወይስ የትኛው ዓይነት ቦምብ ጣይ፣ ስንት ሞተር ያለው፣ ምን ያህል ቦምብ የሚሸከም፣ በምን ከፍታ የሚበር እንደሆነ የሚያውቀው? ንጉሡ ደሴ ላይ በፀረ-አውሮፕላን መድፍ ራሳቸው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ አለ፤ ያ ፎቶ የሚያኮራንን ያህል ሊያሳስበንም ይገባል። አንድ ንጉሠ ነገሥት መድፍ ላይ የቆመው መድፉን የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር ስለበዛ አይመስለኝም። ጠላትን ለይቶ ማወቅም ራሱ ሥልጠና ነው። ሬገን የሚተውንበት ሌላ የማሠልጠኛ ፊልም አንድ ወጣት አብራሪ የጓደኛውን ፒ-40 የጃፓን ዜሮ መስሎት ሊመታው ሲሞክር የሚያሳይ ነው፤ ትምህርቱ ሁሉ የሚያጠነጥነው ከመተኮስህ በፊት የክንፉን ጫፍ በደንብ እይ በሚል ነገር ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይወለዳል፦ «ዞሮ ዞሮ የመግደያ ዕቃ ነው።» ለዚህኛው ሰው ልጥራ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በወረራው ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን የእኛን ቁስለኞች ሲያመላልስ ነበር። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አቋቁሞ አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1947 ሳብ ሳፊር የምትባል ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥቶ የትም ሳያርፍ ከሠላሳ ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ አሳረፋት፤ ከወንበር ሳይነሡ ሠላሳ ሰዓት መቀመጥ የቻለ ሰው ወይ አብራሪ ነው ወይ የልቅሶ ድንኳን ሽማግሌ። ይኸው ሰው በ1966ቱ ረሃብ ተመልሶ መጣና መኪና በማይደርስባቸው ተራሮች ላይ ከትንንሽ አውሮፕላኖች እህል ጣለ። ዝቅ ብሎ የመብረሩም ሆነ በትክክለኛው ቅጽበት የመልቀቁ ጥበብ ቦምብ የሚጣልበት ጥበብ ነው፤ የወረደው ግን እህል ነው። በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ሞተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድስ? መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከጦርነቱ በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው፤ ተሳፋሪው የተቀመጠው ጦሩ ወታደር ይጭንበት በነበረው በግራና ቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ነበር። ዛሬ የምንኮራበት ድርጅት የተወለደው ከጦር ትርፍራፊ ነው፤ የመግደያ ዕቃ ነው ብሎ የናቀው ቢኖር ኖሮ ዛሬም ካይሮ የምንሄደው በእግር ነበር።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ብልጥ ነው። «እሺ፣ ይሁን፤ ግን እዚህ ምን አለ? ስፒትፋየሩ እንግሊዝ፣ ሙስታንጉ አሜሪካ። የሌለንን ነገር መውደድ ከንቱ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም፤ ነበረና። ቢሾፍቱ በ1940ዎቹ የጦርነቱ ዘመን አውሮፕላኖች ማከማቻ ነበረች። ስዊድን በጦርነቱ ጊዜ ለራሷ የሠራችውን ሳብ 17 ከአርባ በላይ ገዛን። የጎማው መሸፈኛ ሲዘረጋ አየር እየገታ ለቁልቁል በረራ ፍሬን የሚሆንለት ድንቅ ፍጡር ነው፤ እስከ 1960 ዓ.ም. አካባቢ አብረርነው። ከዚያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከመርከብ ላይ ያስነሣው የነበረው ፌሪ ፋየርፍላይ መጣ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካናዳ በ1946 ዓ.ም. የሸጠችልን ናቸው። ዘመናቸው አልፎ ጄቶቹ ሲመጡ እነዚያ ፋየርፍላዮች ሜዳ ላይ ተረሱ። በ1985 ዓ.ም. ካናዳውያን መጡ፤ ሁለቱን በሄርኩሊስ ጭነው ወደ አገራቸው መለሱ። አንዱ ዛሬ ኦታዋ፣ ሌላው ሺርዋተር ሙዚየም ውስጥ ነው። እኛ ጋ «ቁራሌው!» የሚል ቢያልፍ ኖሮ በኪሎ ሂሳብ ሊያስማማ የሚችለውን ነገር እነሱ ሰው ልከው፣ ነዳጅ አቃጥለው፣ ውቅያኖስ አሻግረው ወሰዱት። ተቃዋሚያችን «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ምን ነበረ? ማን ወሰደው? ለምን ደስ እያለን ሰጠነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። የጸሐይን መመለስ ያየ ሰው የፋየርፍላይን መሄድ ሲሰማ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከንፈሩን ሊመጥ ይገባል።

አራተኛውን በአጭሩ ልለፈው፦ «በሕይወቱ የማይነካውን አውሮፕላን ሞተር ማስነሣት መማር ምን ይጠቅመዋል?» ለዚህ መልሱ ኳስ ማሳያው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የአርሰናልን አሰላለፍ የሚያስተካክለው ሰው ማንም ደውሎለት አያውቅም። ልዩነቱ፣ የኳሱ ወዳጅ የሚማረው ሌላው ሰው የት እንደተሳሳተ ሲሆን የፊልሙ ወዳጅ የሚማረው ራሱ የት ሊሳሳት እንደሚችል ነው። ጋዝ ምድጃውን ሳይዘጋ ከቤት የሚወጣ ሰው፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ የሚረሳ ሰው፣ የዚያን ቦምብ ጣይ መቆለፊያ ታሪክ ቢያውቅ አይጎዳውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሚመጣው ከቤት ነው፤ ከሚስት፣ ከልጆች፣ አንዳንዴም ከአማች። እነሱ ስለ ታሪክም ስለ ሥነ ምግባርም አይከራከሩም። የሚሉት ይህን ነው፦ «ከእሱ ጋር ፊልም ማየት አይቻልም።» ይህን ክስ አልከላከልም፤ እውነት ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ በቴሌቪዥን «ቶራ! ቶራ! ቶራ!» ቢመጣ፣ ጃፓኖች ፐርል ሃርበር ላይ ሲወርዱ ቤቱ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ወዳጃችን ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ያ ዜሮ እንዳልሆነ፣ አሜሪካኖቹ የራሳቸውን ቴክሳን የማሠልጠኛ አውሮፕላን አበጃጅተውና ቀለም ቀብተው ዜሮ እንዳስመሰሉት ያስረዳል። «ባትል ኦፍ ብሪተን» ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፤ መሰርሽሚቶቹ ስፔን ውስጥ የተሠሩ፣ በውስጣቸውም የእንግሊዝ መርሊን ሞተር የተሸከሙ መሆናቸውን ይናገርና፣ «የአፍንጫውን ቅርጽ እዩ እንጂ!» እያለ ልጆቹን ያስቆማል። በዚህ መሃል ዋናው ተዋናይ ይሞታል፤ በምን እንደሞተ ያየ የለም። የሪሞቱን ጉዳይ ቤተሰቡ በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ ቅዳሜና እሁድ አማቲቱ ነጠላቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚቀመጡት።